እንግዳው ሳይመጣ የሚሰናዳ ቤት

ባለፈው ወር አንድ ምሽት የተማሪዎቻችንን ደብተር በማረም ላይ ሳለን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርነው አንድ ጐልማሳ ወደ ቤታችን መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጥቂት ካመነታ በኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ቡና ቀርቦለት ሲኒውን እንደ ያዘ ብዙ ዝም አለ፤ በመጨረሻም፣ «መምህር፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፤ ነገሩ ግን የሴቶች ስለ ሆነ አፍራለሁ» አለን። ባለቤታችን ነገሩ ስለ ገባት ጀበናዋን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

የነገረን ታሪክ አጭር ነው። ሚስቱ ፀንሳ ነበር። ሁለተኛው ወር ሳይሞላ አንድ ቀን ጧት ደም ታያት፤ ሳይመሽም አስወረዳት። እናቱ፣ «ውኃ ተሸክማ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ ብያት ነበር» አሉ። አንዲት ጐረቤት ደግሞ «ሾተላይ ነው» አለች። ሚስቱ ግን ከሁለቱም የከፋውን ተናገረች፤ «ማሕፀኔ ልጅ አልይዝ ብሏል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ጐልማሳው ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ፣ «እርስዎ የቤተ ክህነቱንም የዘመኑንም ትምህርት የተማሩ ነዎት፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ይንገሩኝ» አለን።

ቢዮ አዋሌን ለማያውቁት አንባቢዎቻችን፣ ይህ ስፍራ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። የአገሩ ስም ውኃ ይሁን እንጂ ውኃውን ቀድታ ለቤት የምታደርሰው ሴቲቱ ናት። ስለዚህ በዚህ አገር የምትፀንስ ሴት ሁሉ ውኃ እየተሸከመች የምትፀንስ ናት፤ ልጇ በሰላም የተወለደላትም ተሸክማለች፣ ያስወረዳትም ተሸክማለች። በጀሪካኑ ማሳበብ እጅግ ቀላል የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ያን ምሽት ለጐልማሳው የሚበቃ መልስ አልነበረንም። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደን አዋላጇን ነርስ ጠየቅናት፤ መጻሕፍትም ከከተማ አስመጥተን አነበብን። የዚህ ወር ገጻችን ያ መልስ ነው። ስለ ማሕፀን የተጻፈውን በቤተ ሰቡ ፊት ማንበብ የሚከብደው አባወራ ቢኖር፣ ዳዊት በሚደገምበት ቤት ይህ ቃል እንግዳ እንዳልሆነ እናስታውሰዋለን።

ከቃሉ እንጀምር። በግእዝ «ሐፀነ» ማለት ታቀፈ፣ አሳደገ፣ ሞግዚት ሆነ ማለት ነው። «ሕፃን» ከዚህ ይወጣል፤ «ሐፃኒ»፣ ይኸውም አሳዳጊ፣ ከዚህ ይወጣል፤ ማሕፀንም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። አያሌ ሰዎች በብዙኃኑ «ኀ» ይጽፉታል፤ እኛ ግን የቃሉ ዘር እንዳይጠፋብን በሐመሩ «ሐ» እንጽፈዋለን። አንባቢያችን ይህን የመምህር አመል ይታገሠን፤ ነገራችንም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። የቀድሞ ሰዎች ማሕፀንን ሲሰይሙ አሳዳጊ ብለው ነው የሰየሙት። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው ግን እንደ እንስራ አድርጎ ነው። እንስራ ይይዛል፣ ወይም ያፈሳል፤ የሚያፈስ እንስራም የተሰነጠቀ ነው። የጐልማሳው ሚስት ራሷን የወቀሰችው በዚሁ ሐሳብ ነበር። በአጉሊ መነጽር የታየው ነገር ግን ከእንስራው ይልቅ ከግእዙ ጋራ ይስማማል።

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን የሚማሩት ከሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጭ ገፈው በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱ ነው፤ ልጣጩ እንደ ጡብ ግንብ ተደርድሮ ይታያቸዋል። ማሕፀንም እንዲሁ ከሕዋሳት የተሠራ ነው። ውጭው ወፍራም ጡንቻ ነው፤ በምጥ ጊዜ የሚኮማተረው እርሱ ነው። ውስጡ ግን እንደ ካፖርት ገበር ያለ ልስልስ ልባስ አለው፤ በዚህ ጽሑፍም ገበር እያልን እንጠራዋለን። ገበሩ ሁለት ደርብ ነው። ከጡንቻው ጋራ የተጣበቀው የታችኛው ደርብ ዘወትር በቦታው ይኖራል። የላይኛው ግን በየወሩ ይሠራል፣ ፅንስ ካልመጣም በየወሩ ይፈርሳል። የወር አበባ የምንለው የዚህ የላይኛው ደርብ መርገፍ ነው።

የወር አበባው ባበቃ ጊዜ ገበሩ ስስ ነው። ከእንቁላል ዕጢ የሚመነጨው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ገበሩ እንዲያድግ ያዝዘዋል። ሆርሞን ማለት በደም እየተጓዘ ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ገበሩም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር ተነሥቶ እስከ 1 ሳንቲሜትር ግድም ይወፍራል። ከዚያ እንቁላሏ ከዕጢዋ ትወጣለች፤ የወጣችበትም ስፍራ ወደ ቢጫነት ተለውጦ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሁለተኛ መልእክተኛ መላክ ይጀምራል። የዚህን ቢጫ አካል ሥራ በ1929 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በዚሁ እንጽፋለን) ጆርጅ ኮርነርና ዊላርድ አለን የተባሉ አሜሪካውያን በጥንቸል ላይ አሳዩ። ቢጫው አካል ሲወጣ የጥንቸሏ ፅንስ ይጠፋ ነበር፤ ከቢጫው አካል የተጨመቀውን ሲወጓት ግን ፅንሱ ጸንቶ ቆየ። ፕሮጄስትሮን የሚለው ስምም ስለ እርግዝና የሚሠራ ለማለት የወጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በገበሩ ውስጥ፣ ከፊቱ ሥር፣ ቀጫጭን ሕዋሳት አሉ። ቅርጻቸው ፈትል የተጠቀለለበት እንዝርት ይመስላል፤ መካከላቸው ጥቂት ሰፋ ያለ፣ ሁለቱ ጫፋቸው የሾለ ነው። የፕሮጄስትሮን ትእዛዝ በደረሳቸው ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት መልካቸውን ይለውጣሉ። ለንፍሮ የተዘፈዘፈ ባቄላ ውኃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ እየወፈሩ፣ እየከበቡ ይሄዳሉ። ሆዳቸው ውስጥ ስኳርና ስብ ያከማቻሉ። ጐን ለጐን እየተጣበቁ፣ ቀድሞ እንደ ላላ ሸማ የነበረው ስፍራ ጥቅጥቅ ይላል።

ከመልካቸው ይልቅ የሚበልጠው ግን የሥራቸው መለወጥ ነው። ቀድሞ ሥራቸው ገበሩን በጭረት አያይዞ ማቆም ብቻ ነበር። አሁን ግን ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሆኑ። ከእነዚህም አንዱ ፕሮላክቲን ነው፤ ይኸውም ከወሊድ በኋላ ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያዝዘው ያው ሆርሞን ነው። አዋላጇ ይህን ስትነግረን መጀመሪያ የተሳሳተች መስሎን ነበር፤ መጻሕፍቱ ግን እውነቷን መሆኑን አረጋገጡልን። እንግዲህ ወደፊት በጡት የሚሠራው መልእክተኛ፣ ገና ከመጀመሪያው በማሕፀን ገበር ውስጥ ይመነጫል ማለት ነው። ቀደምቶቻችን «ማሕፀን»ን ከአሳዳጊ ጋራ በአንድ ዘር ማኖራቸውን ያሰብነው ያን ጊዜ ነው።

ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሐንተር በ1774 ዓ.ም. ስለ ነፍሰ ጡር ማሕፀን ባሳተመው ታላቅ የሥዕል መጽሐፍ ይህን የተለወጠ ገበር አሳይቷል። ስሙም በላቲን ዴሲዱዋ ይባላል፤ እንደ ዛፍ ቅጠል ወቅቱን ጠብቆ የሚረግፍ ማለት ነው፤ ልጁ ሲወለድ ከእንግዴ ልጁ ጋራ ይወጣልና። እኛ ረጋፊ ገበር ብንለው የሚቀየመን ሐኪም ያለ አይመስለንም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ይህ ነው፤ ለውጡ የሚጀምረው ፅንሱ ከመድረሱ በፊት ነው። በአይጥ ማሕፀን ሕዋሳቱ የሚለወጡት ፅንሱ መጥቶ ገበሩን ሲነካ ነው። በሴት ማሕፀን ግን እንግዳ ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ በየወሩ ዝግጅቱ ይጀመራል። ፅንስ ካልመጣ ቢጫው አካል ይከስማል፣ ትእዛዙ ይቋረጣል፣ የተሰናዳውም ሁሉ ይረግፋል፤ ከዚያም እንደ ገና ከታችኛው ደርብ ይጀመራል።

ይህ በእንስሳት ሁሉ ዘንድ አይገኝም። ከብት የሚያረባ አንባቢያችን የላሚቱን እንግዴ ልጅ ያውቃል፤ በላዩ ላይ እንደ ትልልቅ ቁልፍ ያሉ እብጠቶች ተደርድረውበታል። የጥጃው ፅንስ በእነዚህ ቁልፎች ከእናቱ ማሕፀን ጋራ ይያያዛል እንጂ ቆፍሮ ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ላምም ሆነ ፍየል ወይም በግ እንዲህ ያለ ረጋፊ ገበር የላትም፤ የወር አበባም አታይም። (የውሻ ሴት የምታየው ደም ሌላ ነው፤ እርሱ የሚመጣው ለመጠቃት በምትዘጋጅበት ጊዜ ነው።) ከሰው ጋራ በዚህ ነገር የሚተባበሩት ዝንጀሮን የመሰሉ እንስሳት፣ ጥቂት የሌሊት ወፍ ዓይነቶችና አንዳንድ ትንንሽ እንስሳት ብቻ ናቸው። የሰው ፅንስ ከላሚቱ በተለየ ወደ ገበሩ ውስጥ ቆፍሮ የሚገባ ነው። እንዲህ ላለ እንግዳ ደግሞ ቤቱ አስቀድሞ መሰናዳት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ መታጠርም አለበት።

እንግዳው በደረሰ ጊዜ የስድስት ቀን ዕድሜ ግድም ያለው፣ ከጤፍ ፍሬ እጅግ ያነሰ ነጥብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ጸንተው ከቆዩት እርግዝናዎች ከመቶው 84 ያህሉ ገበሩን የያዙት እንቁላሏ ከወጣች በ8ኛው፣ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ነበር። ፅንሱ የገበሩን ፊት አልፎ ይሰጥማል፤ የገባበትም ቀዳዳ በላዩ ይዘጋል። የተለወጡት ሕዋሳት ዙሪያውን ከበው ይይዙታል።

የመጀመሪያው ምግቡ ከየት ይመጣል? ከእናቱ ደም እንደ ሆነ የሚያስብ ብዙ ነው፤ እኛም እንዲህ ነበር የምናስተምረው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አብዛኛውን ጊዜ የእናቱ ደም በነጻ ወደ እንግዴ ልጁ አይፈስም። የፅንሱ ሕዋሳት የደም ሥሮቹን አፍ ደፍነው ይቆያሉ። በዚያን ጊዜ ፅንሱን የሚመግቡት በገበሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው፤ የሚያመነጩትንም ፈሳሽ የቀድሞ ሐኪሞች የማሕፀን ወተት ብለውታል። ደሙ እንደ ልብ መፍሰስ የሚጀምረው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ለዚያ ቀን ግን መንገዱ መጠረግ አለበት። የገበሩ የደም ሥሮች እንደ ሐረግ የተጠመዘዙና ጠባቦች ናቸው፤ በእርግዝና መጀመሪያ እየሰፉ እንደ ቦይ ይሆናሉ። በዚህ ሥራ ላይ የፅንሱ ሕዋሳትና ስማቸው የሚያስፈራ ነጭ የደም ሕዋሳት ይተባበራሉ። እነዚህ ነጭ ሕዋሳት «ተፈጥሯዊ ገዳይ» ይባላሉ፤ ወገኖቻቸው በደም ውስጥ በበሽታ የተያዘውን ሕዋስ ስለሚገድሉ ነው ስሙ የወጣው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በገበሩ ውስጥ ከሚገኙት ነጭ ሕዋሳት የሚበዙት እነርሱ ናቸው። ፅንሱ ግማሹ ከአባቱ የመጣ ስለ ሆነ ለእናቲቱ ሰውነት ከፊሉ ባዕድ ነው፤ ገዳዮቹ ግን አይገድሉትም፤ ቦዩን ሲያሰፉለት ይገኛሉ። ይህ የማስፋት ሥራ የጐደለ እንደ ሆነ ጉዳቱ ዘግይቶ፣ ከአምስተኛው ወር በኋላ፣ የእናቲቱ የደም ግፊት ከፍ ሲል ሊታይ ይችላል። በጤና ጣቢያ በየጊዜው ክንድ ታስሮ ግፊት የሚለካው ለዚህ ነው እንጂ ለወግ አይደለም።

ገበሩ አጥርም ነው ብለናል። በፊተኛው ወሊድ ሆዷ ተቀዶ ልጅ የወጣላት ሴት በማሕፀኗ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ በጠባሳውም ላይ ገበሩ በደንብ አይሠራም። እንግዴ ልጁ በዚያ ቦታ ላይ የያዘ እንደ ሆነ አጥር አጥቶ ወደ ጡንቻው ይዘልቃል፤ በወሊድም ጊዜ አልላቀቅ ብሎ ብዙ ደም ያፈስሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የወለደች እኅት ቀጣዩን ልጅ በቤት ለመውለድ አትድፈር፤ ድል ጮራን የመሰለ ሆስፒታል አጠገብ ትውለድ። ፅንሱ ወደ ማሕፀን ሳይደርስ በቱቦው ውስጥ የቀረ እንደ ሆነም በዚያ እንዲህ ያለ ገበር የለም፤ ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በሆዷ በታች በኩል፣ በተለይም በአንዱ ጐን፣ ብርቱ ሕመም ቢሰማት፣ ወይም ደም ቢታያትና ራሷን ቢያዞራት፣ ሌሊትም ቢሆን ሊነጋ አይጠበቅ።

አሁን ወደ ጐልማሳው ጥያቄ እንመለስ። በ1988 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለመፅነስ ያሰቡ 221 ሴቶችን ለወራት ተከታተሉ፤ ሽንታቸውንም በየቀኑ እያስቀመጡ መረመሩ። ገበሩን ከያዙት 198 ፅንሶች ከመቶው 31 ያህሉ ጠፉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት የጠፉት ሴቲቱ መፅነሷ ሳይታወቅ ነው። ይህን ቁጥር ስናነብ እርሳሳችንን አስቀምጠን ጥቂት አሰብን። በአንድ ሰፈር ውስጥ በወር አበባዋ ጥቂት ቀን መዘግየት ያልተደነቀች፣ ከዚያም ደም በርከት ብሎ ያየች ስንት እናት አለች! ፀንሳ እንደ ነበር አላወቀችም፤ ስላላወቀችም ማንም አልወቀሳት።

ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የክሮሞሶም ጉድለት ያለባቸው ናቸው። ክሮሞሶም የምንለው ልጁ ከአባትና ከእናቱ የሚወርሰው ጽሑፍ ነው፤ 23ቱ ከአባት፣ 23ቱ ከእናት ይመጣሉ። አንዳንድ ጊዜ በአከፋፈሉ አንዱ ይተርፋል ወይም ይጐድላል፤ እንዲህ ያለው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ለመወለድ አይደርስም። ስሕተቱ የሚበዛው በእንቁላሏ በኩል ነው፤ የእናቲቱ ዕድሜ ሲገፋም ይበዛል። ይህን ያነበበ ባል «እንግዲያው ከእርሷ ነው» ለማለት እንዳይቸኩል። የሴት እንቁላሎች የሚሠሩት እርሷ ራሷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው፤ ምራቲቱን በዚህ መክሰስ የሚፈልግ ሰው አማቲቱን ከሳሽ ሳይሆን ተከሳሽ ማድረግ ይኖርበታል፣ እርሳቸውንም አልፎ ወደ አያቲቱ መሄድ ይኖርበታል። (የምራቲቱን እናት ማለታችን ነው፤ የጐልማሳው እናት አይቀየሙን።)

ገበሩ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ዝም ብሎ የሚመለከት አይመስልም። በ2010 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት፣ የተለወጡ የገበር ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ከፅንሶች ጋራ አብረው ተቀመጡ። ፅንሱ ጤናማ ሲሆን ሕዋሳቱ ሥራቸውን እንደ ቀድሞው ቀጠሉ፤ ዕድገቱ የቆመ ሲሆን ግን የሚያመነጩትን ንጥረ ነገር ቀነሱ። ይህ በሰው ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ገና የሚጠና ቢሆንም፣ ተመራማሪዎቹ ገበሩ ሁሉን የሚቀበል አልጋ ብቻ ሳይሆን የሚመለከት በረኛም ነው ይላሉ። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ደጋግሞ ማስወረድ የሚመጣው ገበሩ አልቀበል በማለቱ ሳይሆን በረኛው እጅግ ቸር ሆኖ የማይቆየውንም በማስገባቱ ሊሆን ይችላል ብለው ይገምታሉ። «ማሕፀኔ ልጅ አልይዝ ብሏል» ያለችውን ያችን ሴት ያሰብናት እዚህ ላይ ነው።

የሚወርደው ፅንስ ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው አንልም። የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ ብርቱ ትኩሳት፣ የማሕፀን ቅርጽም ምክንያት ይሆናሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ የደጋገመባት ሴት በሐኪም መመርመር ይገባታል። ስለ ጀሪካኑ የጠየቅናት አዋላጅ ግን፣ አንድ ቀን በተሸከመችው ውኃ ማሳበብ ከንቱ መሆኑን ነግራናለች። ሸክሙ ይቀነስላት ቢባል እኛም እንስማማለን፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቅለሸልሻታልና፣ ይደክማታልና። ሸክሙ እንዲቀነስላት ግን አስቀድሞ ፅንስ መውረድ የለበትም።

ሾተላይ ስለሚባለውም ጥቂት እንበል። የቀድሞ ሰዎች በዚህ ስም የሚጠሩት በተከታታይ ልጅ የሚሞትባትን ሴት ሕመም ነው፤ ዛሬ ሐኪሞቻችን ስሙን የሚሰጡት ለደም ዓይነት አለመስማማት ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የልጁ ደግሞ እንደ አባቱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጐዳው ከመጀመሪያው በኋላ የሚፀነሰው ልጅ ነው፤ ጉዳቱም በልጁ ደም ላይ ነው እንጂ በማሕፀን ገበር ላይ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መከላከያ መርፌ ተገኝቶለታል። የጐልማሳው ሚስት ደም ተመርምሮ ፖዘቲቭ ሆኖ ስለ ተገኘ የጐረቤቲቱ ነገር በዚሁ አበቃ።

ይህ ሁሉ ዝግጅትና ለውጥ የሚሆነው ሴቲቱ መፅነሷን ሳታውቅ ወይም ባወቀች ሰሞን ነው። የልጁ አንጐልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋውም በተፀነሰ በ28 ቀን ግድም ነው። ለዚህ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከመፅነሷ በፊት ስትጀምረው ነው። ለመፅነስ የምታስብ ሴት ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ፤ ከፀነሰችም በኋላ የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. መክሯል። ስለ ጾሙም የነፍስ አባቷን አስቀድማ ታማክር፤ ብዙ እናቶቻችን ሳይጠይቁ በራሳቸው ላይ ያከብዱታል።

ለእኛ አገር አንድ ነገር እንጨምር። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ያመጣችውም ከእስያ የተሻገረች፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ ለቤት በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ትራባለች። የወባ ተውሳክ በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚሸሸግ ስለ ሆነ በፀነሰች ሴት ላይ ይከፋል። እንግዲህ በቢዮ አዋሌ ነፍሰ ጡሯን የሚያሰጋት የተሸከመችው ውኃ ሳይሆን ሳይከደን ያደረው በርሜል ነው። ትኩሳት የያዛት ነፍሰ ጡርም መድኃኒቱን ፈርታ አትቅር፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚሰጥ መድኃኒት አለና ፀንሳ መሆኗን ለሐኪሙ ትንገረው።

ጐልማሳው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ከላይ የጻፍነውን፣ የባቄላውንም የእንዝርቱንም ነገር ነገርነው፤ በዚህ ጊዜ ባለቤታችንም ወደ ማድ ቤት አልሄደችም። እርሱ ሁሉን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ «እንግዲህ ያ ገበር ለእርሷ እንደ ገና ይሠራላት ይሆን?» የታችኛው ደርብ ከቦታው እንደማይነቃነቅ፣ ካስወረዳትም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ የወር አበባዋ እንደሚመለስ፣ ይህም ገበሩ እንደ ገና መሠራቱን እንደሚያሳይ ነገርነው። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል፣ «መምህር፣ ይህን ነገር ይጻፉልኝ» አለን። ለሚስቱ መስሎን ነበር፤ «ለእርሷ እኔው እነግራታለሁ፤ ለእናቴ ነው» አለ። እናቱ ፊደል አልቈጠሩም፤ እርሱ ያነብላቸዋል።